የሐበሻ ገብስና የካሊፎርኒያው ቢጫ ድንክ

ገና ሲጀመር ቁጥር መደርደር ለታሪክ ተማሪ ባያምርበትም፣ ይህ ታሪክ ግን ያለ ቁጥር አይነገርም። በ1963 ሻለር፣ ራስሙሰንና ኳልሴት የሚባሉ ሦስት የካሊፎርኒያ የእርሻ ሊቃውንት አንድ የጥናት ውጤት አሳተሙ። ከመላው ዓለም የተሰበሰበ 6,689 ዓይነት ገብስ ዘርተው፣ ገብስን አቢጭቶ የሚያቀጭጭ አንድ ቫይረስ የማይበግረው የትኛው እንደሆነ መርምረዋል። ፈተናውን ያለፉት 117 ብቻ ሆኑ። ከ117ቱ ውስጥ 113ቱ የኢትዮጵያ ገብሶች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ገብስ የእህል ንጉሥ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። በሶውን በጥብጠን፣ ቆሎውን ቆርጥመን፣ ቂጣውን ገምጠን፣ ጠላውን ጠጥተን እዚህ ደርሰናል። ደሴ ሰኞ ገበያ የወረደ ሰው የገብሱን ተራ ሳያይ አይመለስም፤ ኮምቦልቻ ያላችሁትም ቢሆን በቢራው በኩል ዝምድናችሁን አላቋረጣችሁም። ነገር ግን ይኸው ገብስ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሌላ አገር እርሻ ማዳኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ በበኩሌ እስካለፈው ዓመት ድረስ አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱው ነው፤ ሌላም ምክንያት አለ፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። የሥነ ሕይወቱን ነገር በተመለከተ፣ የግብርና ተማሪ የሆናችሁ ጓደኞቼ ስህተት ካገኛችሁብኝ ዶርም ድረስ መጥታችሁ ብትገስጹኝ አልቀየምም።

መጀመሪያ ገብሱ እንዴት አሜሪካ ገባ? በ1923 ሐሪ ሃርላን የተባለ የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ወደ አገራችን መጣ። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በዚሁ ዓመት ነው፤ የታሪክ መጻሕፍቶቻችን የሚነግሩን ያንን ብቻ ነው። ሃርላን የመጣው ለፖለቲካ ሳይሆን ለገብስ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ይመስል በቅሎ አስጭኖ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የወሎን ደጋ እያቋረጠ እስከ ላሊበላ ዘለቀ። ጉዞውንም በ1925 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ጽፎታል። ገበሬው እንግዳ ነው ብሎ አሳደረው፤ ገብስ ፈልጎ ነው ሲሉት ደግሞ ሳይገረም አልቀረም። ገብስ ለማየት ብሎ ባሕር የሚሻገር ሰው ማን አይቶ ያውቃል!

በአራተኛው ዓመት፣ በ1927፣ ሌላ ገብስ ፈላጊ መጣ፤ የሶቪየቱ ኒኮላይ ቫቪሎቭ። እሱም ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፣ ፈቃድ ተቀብሎ፣ በበቅሎ ደጋውን ዞረ። ቫቪሎቭ አገራችን በሰብል ዓይነት ብዛት በዓለም ላይ ካሉት ጥቂት ማዕከሎች አንዷ ናት ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ጫካ ውስጥ የሚበቅለው የገብስ ቅድመ አያት እኛ ዘንድ የለም፤ ገብስ መጀመሪያ የለመደው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። እኛ ጋ የመጣው በእንግድነት ነው። ግን እንግዳው እዚህ ተዋልዶ፣ ተባዝቶ፣ ከባለቤቱ በላይ ዓይነቱ በዛ። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ሐምራዊው፣ ሁለት መስመሩ፣ ስድስት መስመሩ፣ ቶሎ የሚደርሰው ሰነፍ ገብስ፣ ለቆሎ የሚሆነው ተምጅ። ቫቪሎቭ ራሱ የስታሊን እስረኛ ሆኖ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ። የዓለምን ዘር የሰበሰበ ሰው በረሃብ ሲሞት! ከዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ግን ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ።

በ1951 በካሊፎርኒያ ገብስ ላይ ድንገት አንድ በሽታ ገነነ። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ እንደ ወርቅ ይቢጫል፣ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ዛላው ባዶ ይሆናል። ኦስዋልድና ሂውስተን የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩ ቫይረስ መሆኑን አረጋገጡ። ስሙን ወደኛ ቋንቋ ስንመልሰው «የገብስ ቢጫ ድንክ» ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ቢጫ ድንክ እያልኩ እቀጥላለሁ። ይህ ቫይረስ በዘር አይተላለፍም፣ በአፈር አይተላለፍም፣ በእጅ ንክኪም አይተላለፍም። መተላለፊያው አንድ ብቻ ነው፤ ክሽክሽ። ያቺ ቅጠል ላይ ተለጥፋ ጭማቂ የምትመጥ ኢምንት ነፍሳት አንድ ጊዜ ቫይረሱን ከመጠጠች፣ እስክትሞት ድረስ ተሸክማው ትዞራለች።

መድኃኒት የለውም። የታመመ ገብስን የሚያድን ሐኪም አልተፈጠረም። ስለዚህ ቀሪው መንገድ የማይታመም ገብስ መፈለግ ነው። ራስሙሰንና ሻለር በ1959 አንድ የኢትዮጵያ ገብስ በሽታውን የሚቋቋምበትን ምክንያት ደረሱበት፤ አንድ ጂን፣ ዛሬ ዘረ መል የምንለው፣ አንዲት ብቻ። «ዋይ ዲ 2» ብለው ሰየሟት። ዋይ ዲ የበሽታው የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ልብ በሉ፣ ጂኗ የተሰየመችው በበሽታው ነው እንጂ ዘሩን ሲያበጥር፣ ሲመርጥ፣ ሲዘራ በኖረው ገበሬ ወይም በሚስቱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የ6,689ኙ ምርመራ የመጣው። ጂኗን ከካሊፎርኒያ ገብስ ጋር እያዳቀሉ «ሲ ኤም 67» እና «አትላስ 68» የሚባሉትን ዝርያዎች አወጡ። በዓመት 160 ሚሊዮን ዶላር የሚገመተውን የካሊፎርኒያ ገብስ ከቢጫ ድንክ የምትጠብቀው አንዲት የኢትዮጵያ ጂን ናት እየተባለ በየመጽሐፉ ሲጠቀስ ኖሯል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሲያነብ ደረቱን የማይነፋ ኢትዮጵያዊ የለም። እኔም ነፍቼ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ያህል አላስቸግራችሁም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ቫይረሱስ ዝም ብሎ ይቀመጣል ወይ?

ቫይረስ ማለት ምን እንደሆነ በኛው በቤታችን ምሳሌ ላስረዳ። ይህን መጽሔት የምናባዛው በስቴንስል ነው። ስቴንስሉ ላይ ታይፒስቱ አንድ ፊደል ከሳተ፣ ስህተቱ በሁሉም ቅጂ ላይ ይወጣል፤ አራሚ ካልኖረ በቀር። ቢጫ ድንክ አካሉ 5,700 ገደማ ፊደል ያለው አንድ ደብዳቤ ነው በሉት። ገብሱ ውስጥ ገብቶ ይህን ደብዳቤ ሚሊዮን ጊዜ ያባዛል፤ አራሚ ግን የለውም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር የተሳሳተ ቅጂ ይወጣል። አብዛኛው ስህተት ለራሱ ለቫይረሱ ሞት ነው። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ስህተት የተዘጋ በር ይከፍትለታል። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሳ፣ በቢሊዮን ከሚቆጠሩ ቅጂዎች መካከል ነው። በቢሊዮን ዕጣ ውስጥ አንዱ ባይወጣ ነው የሚገርመው!

በሩ ምንድን ነው? ለዚህ የቢጫ ድንክ ሳይሆን የሌላ የገብስ ቫይረስ ታሪክ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ በአፈር ውስጥ የሚተላለፈው የአውሮፓው ቢጫ ሞዛይክ። ይህ ቫይረስ የራሱን ደብዳቤ የሚያስነብበው በገብሱ ቢሮ፣ በገብሱ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው ደብዳቤውን በጣቱ ይዞ ካላነበበው ምንም አይፈጸምም። አንዳንድ ገብሶች ታዲያ ጣቱ ትንሽ የተለየ ጸሐፊ አላቸው፤ የገብሱን ደብዳቤ ያነባል፣ የቫይረሱን ግን መያዝ አይችልም። ይህ ነው የመቋቋሙ ምስጢር። ከዳልማቲያ ምድር በተገኘ አንድ ነባር ገብስ ውስጥ የነበረችውን እንዲህ ያለች ጂን፣ «አር ዋይ ኤም 4» የምትባለውን፣ የአውሮፓ አዳቃዮች በየዝርያቸው አስገቧት። ከጀርመን እስከ እንግሊዝ ማሳው ሁሉ በአንድ ጸሐፊ ሆነ።

ውጤቱስ? በ1980ዎቹ መጨረሻ በጀርመን፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ አዲስ ዓይነት ሞዛይክ ብቅ አለ። ያንን ጸሐፊ ጨብጦ «ይኸው ደብዳቤዬ» የሚል። ተመራማሪዎች አዲሱን ከአሮጌው ጋር ሲያስተያዩ ከጸሐፊው ጋር በምትገናኘዋ የቫይረሱ ፕሮቲን ላይ የተለወጠችው አንዲት ቅንጣት ሆና ተገኘች። አዳቃዮቹ ደግሞ ከቻይና ገብስ የተገኘች «አር ዋይ ኤም 5» የምትባል ሌላ ጂን አመጡ። እሷም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ በዘመዱ ቫይረስ ተረታች። በቲማቲምም እንዲሁ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ያህል የቲማቲምን ቫይረሶች ስትመክት የኖረች አንዲት ጂን፣ በ2014 እና በ2015 እስራኤልና ዮርዳኖስ ላይ በታየ አዲስ ቫይረስ ተሸነፈች፤ ቫይረሱም ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞሯል።

የእኛዋስ ዋይ ዲ 2? እዚህ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ናት። አዳቃዮች አሁንም ይጠቀሙባታል። ነገር ግን ሁሉን ቻይ አይደለችም። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮቾ በ1960ዎቹ እንዳሳየው ቢጫ ድንክ አንድ አይደለም፤ በሚሸከሙት የክሽክሽ ዓይነቶች የሚለያዩ ወንድማማቾች ናቸው። ዋይ ዲ 2 «ፒ ኤ ቪ» እና «ኤም ኤ ቪ» የሚባሉትን ትመክታለች፤ «አር ፒ ቪ» የሚባለውን ግን አታውቀውም። እሱ በጎን ያልፋታል። ሌላም ነገር አለ፤ ጂኗ ቫይረሱን ጨርሳ አትከለክልም። ቫይረሱ ይገባል፣ ይባዛል፣ ግን በዝግታ፤ ገብሱ ታምሞም ዛላውን ይሞላል። አንዳንድ ሊቃውንት ዕድሜዋ የረዘመው በዚህ ነው ይላሉ። በሩን ጥርቅም አድርገው የዘጉበት ሌባ ግድግዳ ይነድላል፤ ደጅ ላይ ትንሽ ጥራጊ የሚጣልለት ግን ግድግዳውን አይነካም። እኔም ይህ ሐሳብ ሳይገባኝ አልቀረም፤ አያቶቻችን ከጅብ ጋር የኖሩትም እንዲሁ ነው።

ሌላው ምክንያት ግን የኔ የራሴ ግምት ነው፣ ተማሪ ስለሆንኩ ይፈቀድልኝ። የደቡብ ወሎን ደጋ የሚያውቅ፣ ኩታበርን ወይም ለጋምቦን ያየ፣ እዚያ ገብስ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚዘራ ያውቃል። የበልጉ በሰኔና በሐምሌ ሲታጨድ የመኸሩ በጎን ይበቅላል። ክሽክሽ አረንጓዴ ገብስ የማታገኝበት ወር የለም ማለት ነው። ስለዚህ ገብሱና ቫይረሱ ከጥንት ጀምሮ ሳይለያዩ ሲታገሉ ኖረው ሊሆን ይችላል። ከ117ቱ 113ቱ የኛ መሆናቸው እንግዲህ ተአምር ሳይሆን የረጅም ጦርነት ውጤት ነው ብዬ አስባለሁ። በዚያ ላይ የገበሬው ማሳ ካሊፎርኒያ አይደለም። በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ረጅሙም አጭሩም፣ ጥቁሩም ነጩም ተደባልቆ ይበቅላል። የትግራይና የኤርትራ ገበሬ ከዚህም አልፎ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ይዘራል፤ ሐንፈጽ ይሉታል። አንድ ቫይረስ ወይም አንድ ዋግ የአንዱን ተክል በር ቢከፍት፣ የጎረቤቱ በር ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ብቻ የተዘራበት ማሳ ግን አንድ ቁልፍ ሺህ ቤት የሚከፍትበት ከተማ ነው።

አንድ ዓይነት መዝራት ምን እንደሚያመጣ ከውጭ አገር ብቻ ምሳሌ መጥቀስ አያስፈልገንም። ቫይረስ ባይሆንም፣ የስንዴ ዋግ ፈንገስ ቢሆንም፣ ነገሩ አንድ ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ «ኩብሳ» የሚባለውን፣ አገር ምድሩን የሸፈነውን የስንዴ ዝርያ መታው። ገበሬው ተሯሩጦ «ዲጋሉ» ወደሚባለው ዞረ፤ ዲጋሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበርና። ሦስት ዓመት አልሞላም። በ2013 መጨረሻ ባሌ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ ተነስቶ ዲጋሉን አነደደው። ያ የዋግ ነገድ ዛሬ በዓለም ሳይንቲስቶች ዘንድ «የዲጋሉ ዋግ» ተብሎ ይጠራል። እንዲህ ባለው ነገር ስማችን ሲነሳ ደስ አይልም።

ወደ ወሎ ልመለስ። የኛ ክፍለ ሀገር ሲነሳ ዓለም የሚያውቀው ረሃቡን ነው፤ የ1966ቱን፣ የ1977ቱን ዓ.ም.። ረሃብ ሰውን ብቻ አይገድልም። ጎታው ሲጠረግ የመጨረሻ የሚበላው የዘር እህል ነው። ዘሩ ሲበላ፣ የሺህ ዘመን ምርጫ አብሮ ይበላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የእርዳታ እህል ሆድ ይሞላ ይሆናል፤ የጠፋውን ዘር ግን አይተካም። ይህን ቀድሞ ያየ አንድ ሰው ነበር፤ ዶክተር መላኩ ወረደ። በ1976 በጀርመኖች እርዳታ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ የዛሬው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት መሠረት በሆነው፣ ባልደረቦቹን ይዞ ድርቅ በመታቸው ቦታዎች እየዞረ ዘር ሰበሰበ። በ1980ዎቹ መጨረሻም ከአንድ የካናዳ የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ ነባሩን ዘር በሰሜን ሸዋና በወሎ ለገበሬው መመለስ ጀመረ። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ዘር እንዳለ ይቀመጣል፤ በሽታው ግን በውጭ እየተለወጠ ነው። ማሳ ላይ ያለ ዘር ግን ከበሽታው ጋር አብሮ ይለወጣል። የመላኩ ሐሳብ ይህ ነበር፤ ዘሩን ከገበሬው እጅ ማውጣት ሳይሆን በገበሬው እጅ ማቆየት። በ1989 «ተለዋጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተሸለመበት። ከኛ ስንቶቻችን ስሙን እናውቃለን? ፈተና ላይ ስለማይመጣ ይሆናል።

ለሄደው ዘር ምን ተከፈለን የሚል ጥያቄ ክርክር ክበብ ውስጥ መነሳቱ አይቀርም። ለገብሱ ምንም። ሃርላን በመጣበት ዘመን ዘር የዓለም ሁሉ ሀብት ነው ይባል ነበር፤ ሕጉ የመጣው ከ1992ቱ የሪዮ ስምምነት ወዲህ ነው፤ ኢትዮጵያም የራሷን አዋጅ በ2006 አወጣች። ሕግ ስላለ ብቻ ነገሩ እንዳማረ አልተቀመጠም፤ የጤፍ ዱቄት ፈጠራዬ ነው ያለ የሆላንድ ኩባንያ ፓተንቱ በሄግ ፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ 2018 መድረስ ነበረበት። ከዚህ በላይ አልገባበትም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሄደው ሳይሆን የቀረው ነው።

አሁን መጀመሪያ ያልኩት ሁለተኛው ምክንያት። ኩታበር በኩል ደጋ ላይ ገብስ የሚያርስ አጎት አለኝ። ባለፈው ክረምት ስሄድ ሁለት ኩንታል የማይሞላ ምርጥ ዘር ተሰጥቶት አገኘሁት፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቁመት፣ ሲያዩት የሚያምር። ምርቱ እጥፍ ነው ተብሏል፤ የጎረቤቱን አይቷል፣ እውነትም እጥፍ ነው። «አንተ የተማርከው፣ ምን ትለኛለህ? ያንን አሮጌውን ድብልቅ ልተወው?» አለኝ። እኔ የ113ቱን ታሪክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እሺ፣ አሜሪካኖቹ ጠገቡ። የኔ ልጆችስ?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ምርጥ ዘሩ መጥፎ ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም፤ አይደለምም። በዚያ ላይ ዕዳ ያለበት እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።

የአጎቴ ሚስት ናት የፈረደችው። መንገድ ዳር ያለውን ማሳ በምርጡ ዘሩት፣ ከቤት ኋላ ያለችውን ቁራሽ ግን እኔ በለመድኩት እዘራታለሁ አለች። ድብኝቷን ከፍታ አሳየችኝ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ አንዳንዱ ገለባው የለቀቀ። ስትወቃ ዛላውን እያየች በእጇ የለየችው ነው። «ይኸ ውርጭ የማይፈራ ነው፣ ይኸ ክሽክሽ የማይወድደው ነው፣ ይኸ ለበሶ ነው» እያለች። ክሽክሽ የማይወድደው የትኛው ነው ብዬ ደግሜ ጠየቅኳት። አንድ ጭብጥ ቆንጥራ በጨርቅ ቋጥራ፣ ለትምህርት ቤትህ ሰዎች አሳያቸው ብላ ሰጠችኝ።

ቋጠሮው እስካሁን ከአልጋዬ በታች ነው። ለግብርና ተማሪዎች ላደርስ እያልኩ ፈተና ያዘኝ። ትናንት ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ የዶርም ጓደኛዬ ቋጠሮውን ፈትቶ፣ አንድ ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ፣ ፊቱን ጭፍግግ አድርጎ ተቀምጧል።

«ይኸን ቆሎ» አለኝ፣ «ማን ነው ሳይቆላ የላከልህ?»